የተጣራ ክብደት

ወበቁ ገና ሳይነሳ፣ ከዚራ ሳይሞቅ አስፋልቱ፣
ሽንት ቤት ደርሼ መጥቼ፣ ቁርሴ ሳይቀርብ በሰዓቱ፣
ቁልፌን ከኪሴ አውጥቼ፣ ሳንቲሜን፣ መነጽሬን፣
በሽርጥ ብቻ እወጣለሁ፣ ላስመዝን ይቺን ዕድሜዬን።

ሚዛኑ ቀጭን መስታወት ነው፣ ከትሪ እምብዛም አይወፍርም፤
መርፌ የለው፣ ድንጋይ የለው፣ ተከራክረህ አትረታውም።
ቁጥሩን ለስልኬ ያቀብላል፣ ስልኬ ለሳቢያን ሆስፒታል፤
እኔ ካልጋዬ ጫፍ ሳልርቅ፣ ክብደቴ ከተማ ያቋርጣል።

እኔን ነው የምትመዝኑት? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
በምድር ባቡሩ መጋዘን፣ ጆንያው ሁሉ፣ ጭነቱ ሁሉ
በእጄ ያለፈ፣ ወርዶፋን፣ የሸመንደፈሩን መዛኝ?
አንድ ሰው ብቻ ነበረ፣ እሱም በሐረር ብርቱካን የገዛኝ።

ያኔ የቆዳ ነጋዴዎች፣ ሌሊት ቆዳውን ነክረው፣
ጠዋት ለሚዛን ያቀርቡት ነበር፣ ላዩን ብቻ አድርቀው።
በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ፣ ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ፣
«ውሃ ነው» እል ነበር፤ «ስጠው ለፀሐይ፣ አምጣ ሌላ።»

አሁን ሲስተር ኑሪያ መጥታ፣ ቁርጭምጭሚቴን በጣቷ
ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ እዚያው ቀረ ምልክቷ።
«ልብዎ ደክሟል፣ አባባ፤ ውሃውን መግፋት አቅቶታል፤
ሁለት ኪሎ በሦስት ቀን፣ ያ ስብ አይደለም፣ ውሃ ይባላል።»
አፈርኩ። ያ ሁሉ ዘመን ሰው የያዝኩበት ዘዴ
በራሴ እግር ተሸሽጎ፣ ሆኜ ቁጭ አልኩ ነጋዴ።

የሲምቦ ሠርግ ሲመጣ ግን፣ ሦስት ቀን ቋንጣ ፍርፍሩ፣
ሦስት ቀን ጨው፣ ሦስት ቀን ለስላሳ፤ ከፍ፣ ከፍ አለ ቁጥሩ።
በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ አንድ እጄን ግድግዳው ላይ ጣልኩ፤
ሚዛኑ ዝቅ አለ። ሳቅኩ። ዙሪያዬን አየሁና ላክኩ።

ሌሊቱን መተኛት አልቻልኩም። ሦስት ትራስ ደርቤ
ቁጭ እንዳልኩ ነጋ። ደቻቱ ወረደ በልቤ።
ደቻቱን ታውቁታላችሁ፤ አሸዋ ነው ዓመቱን ሙሉ፤
ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰዎች ነግደውበት ይውላሉ፤
እዚህ ጠብ ሳይል፣ እላይ፣ ደጋው ላይ ዘንቦ፣
ሳያንኳኳ ይገባል፣ ግንዱን፣ በሩን፣ አልጋውን ሰብስቦ።

ከላይ ሆኖ የሚደውል ካለ ብቻ ነው ሰው የሚተርፍ።

በማግስቱ ስልኩ ጮኸ። «አባ ወርዶፋ፣ እንደምን አደሩ?
የጨመሩት አራት ኪሎ ባንድ ሌሊት የት ሄደ? ለማን ሰጡት? ይናገሩ።»
ዝም አልኩ። «እጅዎ የት ነበር?» ሳቋን ይዛ ጠየቀችኝ፤
ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከእኔ የባሰች መዛኝ ሆነችብኝ።

«ግድግዳው ላይ» አልኳት። በባጃጅ ሄድኩ፤ መርፌውን ወጉኝ፤ እስኪመሽ
ሽንት ቤት ስመላለስ ዋልኩ፤ ውሃው ጀመረ ሊሸሽ።
በሦስተኛው ቀን፣ ያ የዋሸሁት ቁጥር፣
እውነት ሆኖ መጣ፤ መስታወቱ ላይ ቆመ፣ ምንም ሳልደገፍ፣ ጥርት ብሎ እንደ ብር።

መብራትም ኔትወርክም ሲጠፋ፣ መዝገብ አለኝ በሣጥኔ፣
ጡረታ ስወጣ በብብቴ ያመጣሁት፤ እሱና ብርቱካኑ ናቸው ያሉብኝ ኩነኔ።
በእርሳስ እሞላዋለሁ፣ እንደ ጥንቱ፣ በየረድፉ፦

ላኪ፦ ወርዶፋ፣ ከዚራ።
ተቀባይ፦ ኑሪያ፣ ሳቢያን።
የዕቃው ዓይነት፦ አንድ ልብ፣ ያገለገለ።
የተጣራ ክብደት፦ ስልሳ አንድ ነጥብ አራት።
ማስታወሻ፦ እጅ ግድግዳ አልነካም።
በመብራት መጥፋት ምክንያት ዘግይቶ ተላከ።