«ቀ»

ነገ አስረክባለሁ የመዝገብ ቤት ቁልፉን፣
ከቁም ሣጥኑ ላይ የተረፈን ትርፉን።
የሚረከበኝ ልጅ ላፕቶፑን አንግቶ
«ይሄ ሁሉ ለምን?» አለኝ አቧራ አይቶ።
ተቀመጥ ልንገርህ፤ ቀስ በል፣ ወንበሩ
ከሦስተኛው ወዲያ አያምንም በእግሩ።

መጀመሪያ ነገር፣ ትምህርት ቤት አልነበር፤
ከደሴ ጫፍ፣ ከገራዶ መውጫ፣ ከእርሻው ድንበር፣
መንገድ ሠሪ ትቶት የሄደ መጋዘን፣
ሬንጅ የሚሸት፣ ቆርቆሮው በነፋስ የሚያዝን።
የፒያሳ ሰዎች ሲስቁ ነበረ፦
«ከዚያ ወዲያ» እያሉ «ጅብ ነው የተማረ!»

አርባ ሦስት ልጆች፣ ከነሱ ስድስት ሴቶች፣
አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ ሁለት መምህሮች፤
አንዱ ከኬረላ፣ ቨርጊስ የሚባል፣
በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይይዛል፤
«ዝናብ የለም፣ ጌታው» ሲሉት «ይመጣል» ይላል።

ስልሳ አምስት ላይ ግን ዝናቡ አልመጣ፤
የቆላው ሰው ሁሉ በአስፋልቱ ወጣ።
ዘጠነኛ «ለ»ን ለታመሙ ለቀቁ፣
ልጆቹ ባሕር ዛፍ ሥር አልጀብራ ዘለቁ።
ቨርጊስ ጃንጥላውን ለማን እንደሰጠ
መዝገቡ አይልም፤ ደመወዙ ግን ሚያዝያ ላይ ተቋረጠ።

ደወሉ ቸርኬ ነው፤ የትሬንታ ኳትሮ፣
ጋሽ አበጋዝ ሙሄ ሰቀለው በሽቦ አስሮ።
ኮምቦልቻ ድረስ ተሰማ ይላሉ፤
ውሸት ነው። ለገራዶው ግን ብዙዎች ይምላሉ።

አሁን ይህን ግለጥ። ሰባ። አሥራ አንደኛ «ሀ»።
ተራ ቁጥር ዘጠኝ፦ ጀማል እንድሪስ አረጋ።
ሰንጠረዡን እየው፦ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣
ከስሙ ፊት ለፊት «ቀ» ብቻ ሲደረደር።
መምህርት የውብዳር ስሙን አልሰረዘችም፤
«ወጥቷል በይ» ቢሏትም ቀለም አላባከነችም።
በየማለዳው ትጠራዋለች፤ ክፍሉ ጭጭ ይላል፤
ብዕሯ አንድ «ቀ» ጥሎ ወደ አሥር ያልፋል።
የቀረ ልጅ፣ ነገ ሊመጣ ይችላል፤
የተሰረዘ ግን በየት ይመለሳል?

እኔ የተቀጠርኩ ሰማንያ አምስት ነው።
በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት መጣች፣
«የጀማልን ስም አሳየኝ» አለች።
ፊደል አታውቅም። ጣቷን ይዤ አሳየሁ፣
በ«ቀ»ዎቹ ረድፍ ላይ እስከ ሰኔ መራሁ።
«ይቺ የምትመላለሰው ምን ትላለች?» «ቀረ።»
ዝም አለች። ቆየች። ፊቷ ተቀየረ፦
«እንዲያ ነው? ታዲያ ይጠብቁት ነበረ!»

ፕላዝማው ሲመጣ በዘጠና ሰባት
መምህሩም ከልጆች ጋር ተቀመጠ፣ ሊማርበት።
መብራት ሲጠፋ ጠመኔውን ይፈልጋል፣
ሲመጣ ደግሞ ያፍራል።
ማሽኑ ሲሞት ሣጥኑ ቀረ፤ ብረት፣ ባለ ቁልፍ። እኔም
አሮጌ መዝገብ አጎርኩበት። ማንም አልጠየቀኝም።

ከዚያ ዓመተ ምሕረቱ አሥራ አራት ሆነ።
መጀመሪያ ከሰሜን የሸሸ ሰው ሞላን፣
ቀጥሎ እኛው ሸሸን።
ታኅሣሥ ስንመለስ፣ ዴስኩ ተማግዶ፣
የአምስት ዓመት ውጤት ከዴስኩ ጋር ነዶ፣
ቸርኬውም የለም፤ ሽቦው ብቻ ተንጠልጥሏል።
የፕላዝማውን ሣጥን ሰብረው፣ ከፍተው፣ አይተው፣
«ወረቀት ነው» ብለው ሄደዋል ትተው።

ልጆቹ ያለ ደወል ገቡ። የሚጠራ ስም የለም።
መምህር ሲራጅ ባዶ ደብተር ይዞ
«ከጎንህ ማን ነበር?» አለ፣ ከፊት ረድፍ ጀምሮ።
«ከጎኔ ጦይባ።» «ከኋላዬ ምናሉ፣ ግራ እጁ።»
እንዲህ ተጻፈ መዝገቡ፣ አንዱ ሌላውን እያስታወሰ፤
ምናሉ መጥቷል። ከጦይባ ፊት ለፊት ግን፣ አየኸው?
ቀለሙ ነጥብ ሠርቷል፤ እጁ አመንትቶ ነው።
ከዚያ «ቀ»።

አሁን አንተ ንገረኝ፤ ማሽንህ ላይ
ይቺ ፊደል ቦታ አላት?
«የላትም፣ ጋሼ። ወይ ተመዝግቧል፣
ወይ ወጥቷል ነው የሚለው።»

እንዲያ ነው?
እንግዲህ ቁልፉን ነገ አልሰጥህም።
ሰኞ ና።