የግራ ክርን

ሐሙስ ረፋዱ ላይ በጋሪ ተጭኖ፣
አራት እግሩ ሽቅብ፣ የታረደ በግ ሆኖ፣
አንድ ጠረጴዛ መጣ ከአራዳ ቁልቁል፤
ባለጋሪው ያማርራል፣ «ዋንዛ ነው!» ሲል።

ወይዘሮ ይታይሽ በእግሯ ተከትላ፣
ደረሰች ከሱቄ፣ ትንሽ አረፍ ብላ፦
«የባሌ ነው» አለች፣ «ነፍሱን ይማረው፤
ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ዋርካ ሥር ያኖረው፤
ሠላሳ ክረምቱን ራፖር ጻፈበት፤
የስንቱ ድንበር ነው የተካለለበት፣
የስንቱ ትዳር ነው የተፋታበት።
ልጄ ሊያገባ ነው፤ ሳሎን ይገባል፤
አዲስ አርገህ ስጠኝ፤ እንዲህ ያሳፍራል።»

ዋጋ ተሟገትን። የጸሐፊ ሚስት
ለመቶ ብር ቅናሽ ምክንያት አላት ሦስት፤
አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ብላ ስትደረድር፣
ሦስተኛው ሳይመጣ ቀነስኩ መቶ ብር።

ሳሙና፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ቀስ ብሎ ማጠብ፤
ከዚያ ነው እንጨትን ቁጭ ብሎ ማንበብ።
አሮጌው ቫርኒሹ ተሰነጣጥቆ፣
እንደ አንገረብ ጭቃ በበጋ ደርቆ፣
በጥፍሬ ስነካው ቅርፊቱ ይነሣል፤
ከሥሩ ዋንዛው አለ። ዋንዛ መች ይረሳል?
ስፕሪት በጨርቅ ነክሬ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣
ሻካራውን አስቀድሜ፣ ለስላሳውን አስከትዬበት፣
በጅማቱ አቅጣጫ ሳልቸኩል ስሞርድ፣
ቡናማ ብናኝ ነው ቅንድቤ ላይ የሚወርድ።

አንዱ ጥግ ክብ አለ፤ የቀለም ጠርሙስ፤
አጠገቡ ጭረት፤ ምላጭ ነው የሳተው፣ ሲቀረጽ እርሳስ፤
ከጠርዙ ሥር ደግሞ፣ ሰው በማያይበት፣
ባለጉዳይ ፈርሞ አውራ ጣቱን የጠረገበት።
መሐል ላይ ጠባሳ፣ የኩራዝ አሻራ፤
ቀን ለሚጽፍ ሰው ኩራዝ ምን ሊሠራ?

ወደ ብርሃን ሳዞረው፣ በጎን ስትወድቅ ፀሐይ፣
ብዕር የረገጠው ፊደል አለ፣ እንጨቱ ገላ ላይ፦
«ለክቡር...» ይልና ይሄዳል፣ ይጠፋል፤
«...ድንበሬን ገፍቶ...» ይላል፤ እንደገና ይነጥፋል፤
«...ልጆቼን ይዤ...» ከዚህ ወዲያ ጉጥ ነው፤
የፍርዱን መጨረሻ ዋንዛው ነው የሚያውቀው።

በስተግራ በኩል ጎድጎድ ያለ ስፍራ፣
ክርን የቆፈረው፣ ስንት ዘመን ሲሠራ፤
የሥላሴን መቃን ሳሚ እንዳለዘበው፣
ቫርኒሽ አይደለም፤ ወዝ ነው የጠገበው።
«ሟቹ ግራኝ ነበር» አልኩኝ ለራሴ፣
መላጊያ አነሣሁ፤ እምቢ አለች ነፍሴ።
ወረቀት ያሻሻል፤ መላጊያ ግን ሌላ ነው፤
ፍቅፋቂው ከወደቀ፣ ይግባኝ የለው።

ተውኩት እንዳለ። ተልባ ዘይት አጠጣሁት፤
አንድ ሌት ውጦ አደረ፤ ደግሜ ሰጠሁት፤
ከዚያ የንብ ሰም፣ ከከሰል ዳር ያለዘብኩት።
ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ውዬ ነበር፤ ሳይሳካልኝ ወጣሁ፤
«ሰሙን ግፈፍ» ሲሉኝ የኔታ፣ ከወርቁ ሳልደርስ መጣሁ።
እዚህ ግን ሰም ሳሸው ደጋግሜ በጨርቅ፣
ሰሙ ነው ያወጣው የዋንዛውን ወርቅ።

ቅዳሜ ማለዳ ይታይሽ መጣች፤
ዞራ ዞራ አየችው፤ ጎንበስ ብላ አሸተተች፤
«እሰይ» አለች። ቀጥሎ ፊቷ ተቀየረ፦
«ይሄስ? ይሄ ለምን ቀረ?»
«የባልሽ ክርን ነው፤ ግራኝ ኖሯል» አልኳት፤
«መላጨት ከበደኝ።» አንዳች ነገር ነካት።

ዝም አለች። ውጭ ፈረሱ አነጠሰ፤
የነጠላዋ ጫፍ መሬቱን ዳሰሰ፤
በርጩማ ሳበች፣ ቁጭ አለች፣
ግራ ክርኗን አንሥታ ጎድጓዳው ላይ አኖረች።
ያለ ኮላ፣ ያለ ምስማር፣
ልክክ።

«ዓይኑ» አለች፣ «ገና በሰባተኛው ዓመት ነው የከዳው።
ቀን ቀን ያዳምጣል፤ ሰው አምኖት የሚረዳው፤
ማታ በሸክም ጠረጴዛው ሲገባ ወደ ቤት፣
የሰማውን ይነግረኛል፣ እያለቀሰ አንዳንድ ሌሊት።
እኔ ነኝ፣ ‹እጅሽ ሰይጣን ነው› ብለው በልጅነቴ የመቱኝ።
ፊርማው የሱ ነበር። ፊደሉን... ፊደሉን አትጠይቀኝ።»

አልጠየቅኳትም።

ጋሪው ላይ ስንጭነው «በእግሩ ይቁም» አለች፤
ከመቀነቷ ፈትታ ብሩን ቆጠረች፣ ግማሹ ላይ ቆመች፦
«ላልሠራህበት ስፍራ ዋጋ አይከፈልም፤
ሃምሳ ብር ቀንስ።»
ይግባኝ አላልኩም።