መርማሪ ቁጥር አሥራ አራት

ከተክለሃይማኖት ዝቅ ብሎ፣ ከቶርኖ ቤቶቹ ጥግ፣
ቡሎን ስመዝን እውላለሁ፣ ልኩን ዳዶ ስፈልግ።
ግራሶ ገብቶ ከጥፍሬ፣ ሳሙና የማያስለቅቀው፣
አንድ ወዳጅ አለኝ ሩቅ፣ በቁጥር ብቻ የማውቀው።

ከባሕር ማዶ የመጣ ካርቶን በቢላ ስተረትር፣
ሁሌ አንዲት ብጣሽ አለች ከዘይት ወረቀቱ ሥር፤
ቀይ ማኅተም፣ ጥቂት ቃል፦
«መርማሪ ቁጥር አሥራ አራት»።
ሽኩር በስልኩ አስተርጉሞ አነበበልኝ፣
ሱቅ ዘግተን ስንወጣ ለእራት።

የገዢ አገሮች ስም ታትሟል ካርቶኑ ጎን፦ ቺሊ፣ ፖላንድ፣ ኬንያ፤
ከሥር፣ አንድ ሰው በእስክሪብቶ ጨምሮ ጽፏል፦ ኢትዮጵያ።
ፊደሉ ዘመም ብሏል። የአሥራ አራት እጅ ይመስለኛል።
ማስረጃ የለኝም።

ቡሎኑ አናት ላይ ተቀርጿል፦ አሥር ነጥብ ዘጠኝ።
አለቃዬ ነስሩ ነው ትርጉሙን ያስጨበጠኝ።
«ይህማ መሐላ ነው» አለ፣ «ብረት በራሱ የማለው፤
ይህን ያህል ብትስቡኝ አልበጠስም የሚለው።»

አንድ ሰሞን ከሌላ ፋብሪካ ርካሽ ሸቀጥ ጎረፈ፣
መልኩ ያው፣ ቁጥሩ ያው፣ ዋጋው ግማሽ ላይ ያረፈ።
ነስሩ አንዱን ከመሀል መዞ ቶርኖ ቤት ይዞት ነጎደ፤
ሞርሳ አስነክሶ በረጅም ቁልፍ ሲያጠብቀው አንገቱ ራደ፤
ቀጭ።
«ቁጥርም ይዋሻል ለካ» ብሎ ስባሪውን ኪሱ ከተተ፤
ከዚያ ወዲህ እንደ ሹመኛ ደረሰኝ ላይ ተጎለተ።

ሥራ ተቋራጩ ግን «ማን ያየዋል» አለ፣ «ግድግዳ ከሸፈነው?»
ከማዶ ሱቅ ገዛ።
እስካሁን በዚያ ሕንፃ ሥር ሳላልፍ፣
መንገድ የምሻገረው ለዚሁ ነው።

ዘንድሮ ዶላር ጠፍቶ ከርሞ፣ ኮንቴይነሩ ከጅቡቲ ሲገባ፣
ብጣሿ «አሥራ አምስት» አለች።
ሌላ ካርቶን ቀደድኩ። ሦስተኛም።
ሆዴ ባባ።

ታሞ ይሆን? ጡረታ ወጥቶ? ወይስ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ?
ወይስ ሴት ናት፣ አራስ ቤት ናት፣ እኔ «እሱ» ስላት ኖሮ?

ለነስሩ ነገርኩት። «ለቅሶ ልትደርስ ነው?» ብሎ ሳቀ፤
ወዲያው ግን ዝም ብሎ ቆየ፣
አንድ ቡሎን ከመሀል መዞ ወደ በሩ ብርሃን አዙሮ አየ።
«አዲስ ሰው ነው» አለኝ። «ቶርኖ ቤት ውሰደው።»

ሞርሳ አስነከስነው። ቁልፉን በቧንቧ አስረዝመን፣
ከቶርኖ ሠሪው ከደሳለው ጋር ሁለት ሆነን
ተንጠለጠልንበት።
ቁልፉ ጎበጠ።
ቡሎኑ እንደ ቃሉ።

እጄን በጨርቅ ጠርጌ፣ ኪሴ ከተትኩ አዲሷን ብጣሽ፤
«እንኳን ደህና መጣህ» አልኩ።
ቆየት ብዬ፦ «ወይም መጣሽ።»