አሥራ አንድ ሴኮንድ

ናካኖ ነው ሱቄ፣ ከባቡሩ ድልድይ ሥር፣
ሦስት ክንድ በአራት፣ ከጫማ ጠጋኝ ጎን፣ በጠባቡ በር።
ሰዓት እሸጣለሁ፣ የቆመ እፈታለሁ፣
ዐይኔ ላይ መነጽር፣ ጣቴ ላይ ወረንጦ፣ ትንፋሽ ይዤ አድራለሁ።

ኢሶቤ ይባላል፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ነጅ፣
እጁ ላይ ሰዓት የለም፣ ብብቱ ሥር ደብተር፣ ሲያዩት እንደ ፈራጅ።
ሰባት ወር ሙሉ ነው ያን የጻፈበት፤
መስመር በማስመሪያ፣ ዋጋ በቀይ ቀለም፣ ክብደት በግራም ልክ፣ ሁሉም በየቤት።
የቱ ነው የሚያዋጣ? የቱ ነው ገንዘቤን የሚመልስ?
መቶ ሺህ የን ነው ጣሪያው፤ ከዚያ በላይ አንዲት አትፈስስ።

ሦስቱን አወረድኩለት፣ በጥቁር ከፋይ ላይ አስተኛኋቸው፣
እጁን ከኋላ አስሮ፣ ጎንበስ ቀና እያለ፣ ሳይነካ አያቸው።

አንደኛው ከስዊዝ ነው፣ መልኩ የቤተ መንግሥት፣
ጀርባው መስታወት ነው፤ መዘውሩ ሲዞር ወርቅ ቅብ ያለበት።
"ቅቡ ሲፋቅስ?" አለኝ ኢሶቤ፣
"አንጀቱ ከርካሹ ሰዓት ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው።"
ልክ ነህ አልኩት፣ በልቤ።

ሁለተኛው ጀርመን፣ ፊቱ ነጭ፣ ደረቅ፣
ቁጥሩ እንደ ሐኪም ቤት ግድግዳ የጠራ፣ የማያውቅ መሳቅ።
ታማኝ ነው፣ ውሃ አይፈራም፤ ግን በየአምስት ዓመቱ ሊጸዳ ሲመጣ፣
የጥገናው ዋጋ፣ ተደምሮ ሲታይ፣ የሌላ ሰዓት ዋጋ አወጣ።

ሦስተኛው ያገር ልጅ፣ ከሰሜን፣ ከበረዶው መንደር፣
ሰማያዊ ፊቱ ሲያዘነብሉት ሐይቅ፣ ሲያቀኑት የሌሊት አየር።
ዋጋውም የዋህ ነው። ግን አንድ ነውር አለው፤
መፈተሻው ላይ ሳስቀምጠው፣ በቀን አሥራ አንድ ሴኮንድ
ወደ ኋላ ሲቀር አየነው።

ብዕሩን አነሣ፣ ሰረዘው ያን ጊዜ፣
አንዴም አይደል፣ ሁለቴ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ፤
ፊቱ ላይ አለፈ እንደ ደመና ጥላ አንድ ዓይነት ትካዜ።
"አሥራ አንድ ሴኮንድ" አለኝ፣ "ላንተ ምንም አይደል።
እኔ ግን አንድ ጠዋት፣ በበረዶ ምክንያት፣ አርባ ሴኮንድ ዘግይቼ፣
ለስድስት መቶ ሰው፣ በድምፅ ማጉያው፣ ይቅርታ ጠይቄአለሁ አንገቴን ደፍቼ።"

ሳይገዛ ወጣ።

ማክሰኞ ሚስቱ መጣች። ፉሚኮ። አጭር፣ ቀጥ ያለች፣
ከዘንቢሏ ውስጥ፣ ከባሮ ሽንኩርት ሥር፣ ያን ደብተር አወጣች።
"ዋጋ አላውቅም" አለች፣ "አንጀቱንም አላውቅም፣
ባሌን ግን አውቃለሁ፤ የማይወደውን ነገር
እንዲህ አጥብቆ አይሰርዝም።
ሊያገባኝ ሲል ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ ላይም፣
ስሜን ሦስት ጊዜ ሰርዞት ነበረ፤
አላሳየኝም፤ አይቻለሁ ግን እኔም።"

ሰማያዊውን ገዛች። ደረሰኝ ስጽፍላት፣
"አሥራ አንዷን ሴኮንድ ላስተካክላት?" ብላት፣
"ተወው" አለች፣ "እሱ ራሱ ያግኛት።"

አርባ ዓመት ፈታሁ፣ ገጠምኩ፤ አንድ ነገር ብቻ ይገርመኛል እስካሁን፤
ሰዓት የሚያስኬደው ያ ጥቅል ሽቦ፣ ስሙ "ሞላ" ቢሆን፣
ሥራው መጉደል ነው።
እንደ ሞላ የቀረ፣ ጥብቅ እንዳለ የኖረ ሞላ፣
ሰዓቱ ቆሟል ማለት ነው፤ ምንም የለው ሌላ።

በሁለተኛው ወር ኢሶቤ መጣ፤ ማሰሪያው ቆዳ ሊለወጥ ፈልጎ።
"ልክ ላድርገው?" አልኩት፣ "በነፃ ነው፣ አሁን፣ እዚሁ።"
እጁን ኪሱ ከተተ፣ ፈጠን ብሎ፣ ሸሸግ አድርጎ።
"ማሰሪያውስ?"
"ሌላ ቀን።"
"ደብተሩስ?"
"ፉሚኮ የሽንኩርት ሒሳብ ትጽፍበታለች።"

ከላያችን ባቡር አለፈ፤ መስታወቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።
ከኪሱ እጁን አወጣ፣ የአርባ ዓመት ልማድ ነው፣
ሰዓቱን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ጥቂት ፈገግ አለ፤

"ባቡሩ" አለኝ፣ "ዛሬ ቸኮለ።"