አሥራ ሰባተኛው ባሕርይ

ኢሳፍዮርዱር፣ ኅዳር ሲጋመስ፣
ፀሐይ ተራራውን ሳትሻገር ወደ መጣችበት ስትመለስ፣
እኔ ሠንጠረዥ ፊት ተቀምጬ
ምርት አዋልዳለሁ፣ ስም አወጣለሁ፣ መዝገብ ገልጬ።

ለዓሣ ጀልባዎች የምንሸጠው ሶፍትዌር እስከ ዘንድሮ አንድ ነበር፤
የከፈለ ይገባል፣ ጓዳውም ሳሎኑም የሱ ነው፣ አይቆለፍበትም በር።
ዘንድሮ ግን በሬው ወጥቷል ለቅርጫ፤
በመደብ በመደብ ይለይ ተብሏል፦
አነስተኛው ጥቅል፣ መካከለኛው፣ ወርቃማው፣ እንደ ገዢው አቅምና ምርጫ።

ለእያንዳንዱ ባሕርይ ኮድ ይሰጠው፣ ዋጋ ይሰጠው፣
የሚያበቃበት ቀን ይቆረጥለት፣ ቀኑም ካለፈ የምሕረት ሳምንት ይኑረው፤
በስንት ማሽን እንደሚሠራ፣
ማን ከማን እንደሚጣመር፣ ማን ለብቻው እንደሚጠራ።

ካርታ፣ አንድ።
ጥልቀት፣ ሁለት።
የዓሣ መንጋ፣ የመረብ ክብደት፣
የነዳጅ ሒሳብ፣ የሞገድ ትንበያ...
እስከ አሥራ ስድስት በደህና ሄድኩ።
አሥራ ሰባት ላይ ጣቴ ቆመ።
ስም የለው፣ መግለጫ የለው፤ «አትንኩት» የሚል ብቻ ግርጌው ላይ ታተመ።
አልተነካምም። በርቷል፣ በሁሉም ጀልባ ላይ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ለማንም ሳይታይ።

አለቃዬ ሃልግሪሙር ከጀርባዬ ቆሞ ብርቱካን ይልጣል፤
«ምን እንደሆነ የማይታወቅ ዕቃ እንዴት በነጻ ይሰጣል?
ወይ አጥፊው፣ ወይ ዋጋ ቁረጪለት፤
ወርቃማው ውስጥ ክተቺውና እንሽጠው በክብደት።»

ኮዱን የጻፈው ቶርጊልስ ጡረታ ወጥቷል፣
ከፍዮርዱ ማዶ በግ ያረባል።
ሦስት ጊዜ ደወልኩ። በአራተኛው አነሣ።
መጀመሪያ ነፋስ ሰማሁ፣ ከዚያ በግ፣ ከዚያ ሳል፣
ከዚያ የሰው ዝምታ፣ ቃሉን እንደ ረሳ።

«ሞተሩ ጠፍቶ» አለ፣ «ጀልባው አርባ ደቂቃ ከሞገድ በቀር የሚያንቀሳቅሰው ካጣ፣
ያለበትን ለቅርቡ ጀልባ ይልካል፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ድምፅ ሳያወጣ።»
«ለምን አርባ?»
በጎቹን ጠራ።
በየስማቸው። አንድም አላስቀረ፣ ቀስ ብሎ ቆጠራ።
«ስሚኝ ስቴይኑን፣ ወንድሜ ሃምሳ ነው የቆየው» አለ።
ስልኩ ተዘጋ። በጉ ግን ጆሮዬ ውስጥ ሲጮህ ዋለ።

ፈቃድ እንሸጣለን፤ ይታደሳል የኛ ፈቃድ።
የባሕሩን ግን ማን ያድሳል? በስንት ዓመት ውል? በማን ዘንድ?
እኛ ባሕርይ ቸርችረን እናድራለን፤ ባሕር ባሕርዩን አይሸጥም፤
የከፈለ ያልከፈለ ብሎ፣ ደረሰኝ አይቶ አይውጥም።

ከሠንጠረዡ ቀኝ ጫፍ፣ ማንም የማይሞላው ዓምድ አለ፤
«ይህ ባሕርይ በየትኛው ላይ ይቆማል?» የሚል።
በካርታው ትይዩ ባዶ ነበር።
አሥራ ሰባት ብዬ ጻፍኩ፣
«አስቀምጥ»ን ተጫንኩ።

በቃ። ከእንግዲህ አሥራ ሰባት ካልበራ ካርታው አይገለጥም፤
ካርታ የሌለው ምርት ደግሞ ለዓሣ አጥማጅ ቀርቶ ለሞኝ አይሸጥም።

ሥርዓቱ ስም ጠየቀኝ። «ጎረቤት» አልኩት።
ዋጋ? ዜሮ።
የሚያበቃበት ቀን? ባዶ አልቀበልም አለኝ፣
የሚያውቀውን የመጨረሻ ቀን ሰጠሁት፦
ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት።

ሃልግሪሙር መጣ። «ይሄ ከካርታው ጋር ለምን ታሰረ?»
«ቴክኒካዊ ነው» አልኩት።
ጥሩ ቃል ነው ቴክኒካዊ፤ በር ይዘጋል፤ ሰውዬው አልተከራከረ።
የብርቱካኑ ልጣጭ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ።

ጥር ሲያልቅ ፀሐይ ተራራውን ዘላ መጣች፤
ከተማው በሙሉ ለአቀባበሏ ፓንኬክ ይጋግራል፣
ለሩብ ሰዓት ታየችና ወጣች።
የወሩ ሪፖርትም ያን ዕለት ደረሰ፦
ጎረቤት፣ ሁለት መቶ ሦስት ጀልባ።
ገቢ፣ ዜሮ።
የተላከ መልእክት፣ አንድ።

የማን እንደሆነ አይጽፍም። ለማን እንደደረሰም።
ሪፖርቱን አጠፍኩት፣
ፓንኬኬ ላይ ስኳር ነሰነስኩበት።