አህያዋ የምታርፍበት

ከቢርካት አል-ሙዝ በላይ፣ ከቆርቆሮ ቢሮ፣
ማቀዝቀዣው ሲያስል ከንጋት ጀምሮ፣
ሁለት ቁጥር ይዤ ስደምር ስቀንስ፣
አንዱ ፓምፑ ያለበት፣ አንዱ ውሃው ሚደርስ፣
ልዩነቱ መጣ፤ ሦስት መቶ አርባ ሜትር።
ፍትጊያ ሚበላውን፣ የቱቦውን ክርን፣ የበሩንም ብድር
ደምሬ ዘጋሁት።
«ኩርያን፣ ፓምፑን እዘዝ» ብዬ
ሥራ እንደጨረሰ ሰው ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

በር ላይ ኸልፋን ቆሟል አህያውን ይዞ፣
ከላይኛው መንደር ከሌሊት ተጉዞ፤
ሁለት ዘንቢል ሮማን፣ ጢሙ ላይ አቧራ።
ልጅ ሳለ ጀምሮ በዚህ በተራራ
ውሃ አመላልሷል በቆዳ፣ በጣሳ፣
አንድም ቦቴ መኪና ከታች ሳይነሳ።

ካርታዬን ዘረጋሁለት። ጣቱ ቀዩን መስመር
ተከተለ፣ ተከተለ፣ መሃል ላይ ቆመ።
«እዚህ ጋ» አለ፣ እንዲገባኝ ቀስ ብሎ፣
«አህያዬ እዚህ ጋ ታርፋለች።
እናቷም እዚሁ ታርፍ ነበር።
ከዚህ ወዲያ ቁልቁለት ነው፣ እስከ ቤቴ።»

ቁልቁለት?
እኔ ወረቀት ላይ ቁልቁለት የለም።
ሁለት ጫፍ ነው ያለው፣
መሃሉን በማስመሪያ ያገናኘሁት።

ሦስት ሰዓት ወጣን። ጂፒኤሱ በእጄ፣
ላቡ ዓይኔ ገብቶ፣ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ።
ኸልፋን አላለከም። አህያዋ መራች።
አንድ ጽድ ሥር ጆሮዋን ጥላ ቆመች፤
ቁጥሩን አየሁት፤ ከማጠራቀሚያው በላይ ሃምሳ ስምንት ሜትር።

ሃምሳ ስምንት!
ያዘዝኩት ፓምፕ ሌት ተቀን እያቃሰተ
ጽዱ ሥር ሳይደርስ ይቀር ነበር፣
ማዶ ያለው መንደር ዝቅ ብሎ እየታየ፣ በጥም።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ» ይላል አገሬ።
ሲወስድ ነው።
ሽቅብ ሲሄድ ግን እያንዳንዷን ክንድ ያስከፍላል፤
መድረሻህ ዝቅ ያለ ነው ብለህ ብትምልለት አይሰማህም፣
የሚጠይቅህ መሃል ያለውን ጉብታ ነው።
እሱን ከተሻገረ ወዲያ ማንም ሳይከፍልለት ይወርዳል፣ እየሳቀ።

ማታ ፓምፑን ሰረዝኩ፣ የሚበልጠውን ጻፍኩ።
ኩርያን ዋጋውን አይቶ በማላያላም አንድ ነገር አለ፤
አልጠየቅኩትም።
ጽዱ ሥር የአየር ቫልቭ አኖርን፤
አየር እንደ ቂም ነው፣ ከፍ ያለ ቦታ መርጦ ይሸሸጋል፣
ካልተነፈሰ ያንቃል።
ከታችም፣ መብራት የጠፋ ሌሊት
የወጣው ሁሉ በቁጣ ሲመለስ የሚዘጋ በር።

ሥዕሉ ላይ ሌላው ሁሉ ቁጥር ነው።
ለዚያች ነጥብ ብቻ ስም ጻፍኩላት፣ በዐረብኛ፦
አህያዋ የምታርፍበት።
የመሥሪያ ቤቱ መርማሪ በቀይ ከበባት።
ኩርያን አላጠፋትም።

ዛሬ ኸልፋን ውሃ አይጭንም፤ ሮማን ብቻ።
አህያዋ ግን ጽዱ ሥር ስትደርስ አሁንም ትቆማለች፤
ቫልቩ እፍፍ ሲል
አንድ ጆሮዋን ታነሣለች።