ቡሽ

ጠርሙስ ከፋች ነኝ፣ ከጣና ዳር ሆቴል፤
ቡሹ ጷ ሲል ጊዜ እንግዳው ደስ ይለዋል፤
ከዚያ ወዲያ ማን ያየዋል?
እኔ ግን እለቅማለሁ፣ ከወንበሩ ሥር፣ ከመተርኮሻው ዳር፤
አርባ ሲሞላልኝ ይዤ ወደ መንደር።

አባቴ አሊጋዝ መረቡን ሲያንሳፍፍ
በኮርች ቅርፊት ነበር፣
ከደንገሉ ኋላ ቆሞ ቀይ አበባ ከሚያረግፍ፤
በማጭዱ ጫፍ ቀስ አርጎ ይልጠዋል በአንድ ጎን፤
«ዙሪያውን ከላጥከው ቆሞ ነው የሚሞት፣
ቅጠሉ እንኳ ሳያውቅ» ይል ነበር ሁልቀን።
መንገድ ሲሰፋ ኮርቹ ተቆረጠ፤
ጉቶው ላይ አስፋልት ፈሰሰ።

የመጀመሪያውን ቡሽ ሳመጣለት፣
ሊነክሰው አፉ አድርሶ፣ ሐራም ሸተተው፤
ሦስት ጊዜ አጠበው፣
በጥፍሩ ጫን አለው።
«እንጨት አይደል ይሄ፤ የዛፍ ቆዳ ነው።
ዛፉስ? በሕይወት አለ?»
ምን አውቄ!
አንዲት እንግዳ ጠየቅሁ በማግሥቱ፤
አለ አለችኝ፤ በየዘጠኝ ዓመቱ
አንዴ ይገፈፋል፣ ገላው ቀልቶ ይቆማል፣
ግንዱ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ይጻፍበታል፣
የተገፈፈበት ዘመን እንዳይረሳ።

ነገርኩት። ዝም አለ። ሻዩን አነሣ።
«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እጁን የሚሰበስብ
ሰው አለ በላ!» አለ፣ ለራሱ እንደሚያስብ።

አሁን የኔ መክፈቻ በበሳው ቀዳዳ
ክሩን ያሾልካል፤
እኔ ልተኛ ስገባ፣ እሱ ታንኳው ላይ ነው ማለዳ፤
የማናውቀው አገር፣ የማናውቀው ዛፍ ቆዳ
ውሃው ላይ ተኝቶ ዓሣ ይጠብቃል።